አራተኛው ጉልቻ

ሰው ወደ አገር ሲሄድ ዕቃ ይላክበታል። ይህን ለሐበሻ ማስረዳት አያሻም። ከዋሺንግተን ወደ አዲስ አበባ በተነሣሁ ቁጥር የሻንጣዬ እኩሌታ የሰው ነው፤ የስኳር መድኃኒት፣ የሕፃን ጫማ፣ ለሙሽራ የታሰበ ሽቶ። ባለፈው ሐምሌ የያዝኩት ዕቃ ግን አዲስ አበባ የሚገባ አልነበረም። የላከችው አብራኝ የምትሠራ ጓቴማላዊት ናት፤ ተቀባይዋ እናቷ።

እኔና እሷ የአንድ ሆቴል ምድር ቤት ውስጥ፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ነን። አንሶላ ለሁለት ነው የሚታጠፈው፤ አንዷ በአንድ ጫፍ፣ ሌላዋ በሌላው። ስንራራቅ፣ ስንቀራረብ፣ በቀን መቶ ጊዜ እጃችን ይነካካል። መግባቢያችን የተሰባበረ እንግሊዝኛ ነው፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ግን ሐሜት እንኳ አላጎደለብንም። "ቤተ ክርስቲያናችን ለአገልግሎት አገርሽ ሊሄድ ነው፤ እኔም አለሁበት" ስላት "የት?" አለች። "ሳን ሁዋን ኮማላፓ።" ጫፏን ለቀቀችው፤ አንሶላው መሬት ወደቀ። "የእናቴ ገበያ ነው" አለች።

እናቷን ካየች 11 ዓመቷ ነው። ወረቀት የላትም፤ ከወጣች መግቢያ የላትም። በማግስቱ አንድ ላስቲክ ከረጢት ይዛ መጣች፤ የጉልበት ቅባት፣ የንባብ መነጽር፣ ወፍራም ሹራብ፣ አያታቸው በስልክ ካልሆነ አይታቸው የማታውቅ የሁለት ልጆች ፎቶ። ከረጢቱን እየቋጠረች "ሄዳችሁ ምን ልትሠሩ ነው?" አለችኝ። ምድጃ፣ አልኳት፤ ጭሱን በቱቦ ከቤት የሚያስወጣ። ትንሽ አሰበች።

"እዚያ ምድጃ የሚሠራ ሰው ጠፍቶ ነው?"

ማድረቂያው ጮኸና ከመልሱ ዳንኩ።

13 ነበርን። ሰባቱ እዚሁ አሜሪካ ተወልደው ያደጉ ወጣቶች፣ የቀረነው ወላጅና ሽማግሌ። ነገሩ "የአጭር ጊዜ ሚስዮን" ይባላል፤ የተማርነውም ሕንፃቸውን ከሚያከራዩን አሜሪካውያን ምእመናን ነው። እነሱ ወደዚያ መንደር ሲመላለሱ ዓመታት ሆኗቸዋል፤ አምና ተራውን ለእኛ ለቀቁልን፤ አስተባባሪያቸውንም ጨመሩልን። ገንዘቡን እንደ ልማዳችን ሰበሰብን፤ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሳምቡሳ፣ ፍርፍር፣ ቡና። አረንጓዴ ቲሸርት አሳተምን። መጋቢያችን ስለ ሸክም፣ ጌታ በልባችን ስለሚያስቀምጠው ሸክም፣ ሦስት እሑድ ሰበኩ። ወጪው ለአንድ ሰው 1,450 ዶላር መጣ። እኔ በምግብ ክፍል ተመደብኩ። ይህችን ያዙልኝ።

ከጓቴማላ ከተማ በቺማልቴናንጎ በኩል ወደ ኮማላፓ ስንወጣ ልጆቹ በመስኮት እየጠቆሙ ይጯጯኹ ጀመር። በየመንገዱ የሚርመሰመሱት አውቶቡሶች እነሱ ትምህርት ቤት የሚሄዱባቸው ቢጫ አውቶቡሶች ናቸው፤ አሜሪካ ሲያረጁ ወደዚህ ይሸጣሉ፣ ቀይና ሰማያዊ ይቀባሉ፣ ጣሪያቸው ላይ ዶሮና ማዳበሪያ ይጫናል። የተጣለ ዕቃ የት እንደሚሄድ ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር። እኔ ደግሞ የማየው ሌላ ነው። ያደግሁት ወላይታ ሶዶ፣ ዳሞታ ሥር ነው። ሐምሌ ኮማላፓም ክረምት ነው፤ ጧት ፀሐይ፣ ከሰዓት ዶፍ። ጭጋጉ፣ ከቤት የሚበልጠው በቆሎ፣ ቆርቆሮ ላይ የሚያስገመግመው ዝናብ፣ ሁሉም አለ። ከጓሮው እንሰት ብቻ ጎደለ። ወደ 2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ ምሽቱ ብርድ ልብስ ያስወድዳል።

ኮማላፓ ከምጣድ የመጣ ስም ነው። ኮማል በዚያ አገር የሸክላ ምጣድ ነው። ባለአገሮቹ ካቅቺኬሎች፣ ከማያ ሕዝቦች አንዱ ናቸው፤ ከተማዋን በራሳቸው ቋንቋ ቺ ሾት ይሏታል፤ ሾትም ምጣድ ነው። የምጣድ አገር በሉት። ቋንቋቸውን ስሰማ ደግሞ ጆሮዬን አላመንኩትም፤ ቀ፣ ጠ፣ ጨ አለው። ከእኛ ጋር የነበረው አስተባባሪ በስንት ዓመት ምልልስ እምቢ ያለውን ድምፅ እኔ በመጀመሪያው ቀን አፈነዳሁት። ሴቶቹ እየሳቁ ደግሜ ደጋግሜ አስባሉኝ። ብረት "ጪጭ" ነው። እኛ ጭጭ የምንለው ዝም ስንል እንደሆነ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ ሳሳያቸው እንደገና ሳቅ። የእኛዎቹ ልጆች ግን አልቻሉም፤ "ቺች" ይላሉ። በአማርኛም ጨው ሲሉ እንዲሁ "ቸው" ነው የሚወጣቸው፤ ለካ እስከ ዛሬ አላረምናቸውም።

በዚህ ቋንቋ ከእኛ በፊት የታገለ እንግዳ ነበር። በ1917 (ዘመኑን በፈረንጆች ነው የምጽፈው) ካሜሮን ታውንሰንድ የሚባል አንድ ካሊፎርኒያዊ ወጣት የስፓንኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሊሸጥ ወደዚህ አገር መጣ። ችግሩ፣ ያኔ አብዛኞቹ ካቅቺኬሎች ስፓንኛ አያነቡም፤ ብዙዎቹም አይናገሩም ነበር። ሰውየው መጽሐፉን አስቀምጦ ቋንቋቸውን ሊማር ተቀመጠ፤ የካቅቺኬል ሐዲስ ኪዳን በ1931 ታተመ። በእኛ በኩል ሥራው የአገር ልጆች ነበር፤ ኦነሲሞስ ነሲብ በአስቴር ጋኖ እየታገዘ የኦሮምኛውን መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 አሳትሟል። ታውንሰንድን ስለ ብዙ ነገር መተቸት ይቻላል፣ ተተችቷልም። ተቀምጦ መማሩን ግን አልነሣውም። እኛ ለስምንት ቀን ነው የመጣነው፤ ሁለቱ ቀን መንገድ ነው።

የመጀመሪያው ወጥ ቤት ከዋናው ቤት ተለይቶ የቆመ የሳንቃ ክፍል ነበር። ቆርቆሮው ከውስጥ ጠቁሮ እንደ ቅባት ያብለጨልጫል። መሬቱ ላይ ሦስት ጉልቻ። ጥግ ላይ አራተኛ ድንጋይ አለ፣ በመቀመጥ ብዛት የለሰለሰ። ባለቤቷ ዶኛ ይባላሉ፤ እኛ እትዬ እንደምንለው ነው። ድንጋዩን በሽርጣቸው ጠረግ አድርገው አስቀመጡኝ። ጉልቻ ሦስት ነው፤ አራተኛው የእንግዳ ነው።

እዚያ ተቀምጬ ያየሁትን ብጽፍ ሌላ መጽሔት ይሞላል። በቆሎው ማታ በኖራ ውኃ ይቀቀላል። ንጋት ላይ ልጅ በባልዲ ተሸክማ ወፍጮ ቤት ትወስደዋለች። ሊጡ በሁለት መዳፍ ጠፍ ጠፍ፣ ጠፍ ጠፍ እየተባለ ይከብባል፤ ከሩቅ ሲሰማ መንደሩ የሚያጨበጭብ ይመስላል። ምጣዱ ሊጥ እንዳይዝበት በኖራ ይቀባል። እናቴ ጎመን ዘር በማሰሻ እየነከረች ምጣድ ስታስስ ያየ ሰው ይህን ለማወቅ አስተርጓሚ አይፈልግም። ተነሥቼ ልሞክር ብል ሊጡ በእጄ ላይ ተቀደደ። ሁለተኛውም። የዶኛዋ የልጅ ልጅ፣ የሰባት ዓመት ልጅ ናት፣ ከእጄ ተቀብላ አስተካክላ ጣለችው።

ምድጃው እንዲህ ነው የሚሠራው። ብሎኬት ይደረደራል። በላዩ ላይ እሳት የሚችል ጡብ በሸክላና በአሸዋ ጭቃ እየተያያዘ የእሳቱን ጓዳ ይከብባል። በዚያ ላይ ሦስት ክብ ክፍት ያለው የብረት ሰሌዳ ይጋደማል፤ ከጀርባው ቱቦ ተተክሎ ቆርቆሮውን ቀዶ ይወጣል። ሐሳቡ ለአገሩ እንግዳ አይደለም። በ1976 አገሪቱን ከመታው የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ሎሬና የተባለ የጭቃ ምድጃ እዚያው በደጋው ተወልዶ በዓለም ዞሯል፤ ስሙ ጭቃና አሸዋ ከሚሉት ሁለት የስፓንኛ ቃላት የተገጣጠመ ነው።

የእኛ ቡድን መሐንዲስ የሲቪል ኢንጂነሪንግ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነው፤ ጨዋ፣ ታታሪ ልጅ። የምድጃውን ከፍታ በራሱ ወገብ ለካ። ልጁ የመቅደስ ምሰሶ ነው የሚያክለው። ማታ ሥራው አልቆ፣ ተጸልዮ፣ ፎቶ ተነሥተን ስናበቃ ዶኛዋ ቀረብ ብለው ቆሙ፤ ብረቱ ደረታቸው ላይ ደረሰ። እሳቸው ራሳቸው ብብቴ ሥር ናቸው። "ማትዮሽ" አሉ፣ አመሰግናለሁ ማለት ነው፤ ለሁላችንም ለየብቻ። ማንም ያየ አልመሰለኝም። እኔ አራተኛው ድንጋይ ላይ ስለነበርኩ አየሁ፤ ሰዉ ሲወጣ የተረፈ ብሎኬት እየጎተቱ አምጥተው ከምድጃው ፊት አስቀመጡና ወጡበት።

በማግስቱ የመንደሩ ግንበኛ መጣ። አሜሪካውያኑ የቀጠሩት እሱን ነው፤ የምንሠራውን የሚያሳየን፣ የምናበላሸውን የሚያቃና። ምድጃውን አየ፤ ዶኛዋን አየ። ልጁን በስፓንኛ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀው፣ "የሚያበስልበት ማን ነው?" ልጁ ፊቱ ቀላ። አንድ ረድፍ ብሎኬት ለማውረድ እስከ ምሳ ፈጀ፤ ጭቃው ጡቡን ስለያዘው ሁለት ቦታ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ በየቤቱ ስንሄድ ልጁ መጀመሪያ ባለቤቷን አስነሥቶ ክርናቸውን ይለካ ነበር። ካመጣነው ዕውቀት ሁሉ ያ ሜትር ይበልጥብኛል።

አሁን ወደ ምግብ ክፍሌ ልመለስ። የተመደብኩት ለ13 ሰው ላበስል ነው። አንድም ቀን ጭልፋ አልያዝኩም። ስድስት ሴቶች ሌሊት አሥር ሰዓት እየተነሡ ቁርስ፣ ምሳ፣ ራት ሠሩልን፤ ጥቁር ባቄላ፣ የዶሮ ሾርባ፣ አንድ ቀን ደግሞ ፔፒያን የተባለ፣ የተቆላ የዱባ ፍሬና ሰሊጥ ከበርበሬ ጋር የተፈጨበት ወፍራም ወጥ፤ ዓይኔን ጨፍኜ ብበላው በዓል ነው የምለው። ላግዝ ብዬ በገባሁ ቁጥር በክርኔ ይዘው ያወጡኛል። እንግዳ ነሽ። ምጣድ አገር ሄጄ ምጣድ ተከለከልኩ።

የሚያበስሉትም በምን መሰላችሁ? ሠርተን ያስረከብነው ምድጃ ገና አልደረቀም፤ ሳምንት ይጠብቃል። ለዚያ ሁሉ አፍ አንድ ጉልቻ ስላልበቃ ግቢው ውስጥ ሦስት ተጨማሪ ጉልቻ ተከሉ። በአራት እሳት፣ ክረምት በመታው እርጥብ እንጨት። ሴቶቹ ዓይናቸው ቀልቶ፣ ሕፃናቱ በጀርባቸው እንደታዘሉ እያሳሉ። ጭስ ልናስወጣ መጥተን ጭሱን አራት አድርገነው ነበር። ወንዶቹ ጠፍሩን በግንባራቸው አድርገው ከተራራው እንጨት ያወርዳሉ። ስሄድና ስመጣ ቆጠርኩት፤ በስድስት ቀን 14 ሸክም። ሦስት እሑድ ስለ ሸክም የተሰበከው ትዝ አለኝና ለመጋቢያችን ነገርኳቸው። መጀመሪያ ሳቁ። ኋላ ግን "እስቲ ይህን እናስብበት" አሉ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ምሳችን ዳቦና ሙዝ ሆነ። ሴቶቹ ደስ አላላቸውም፤ የተቀየምን መስሏቸው ነበር።

ምድጃው ራሱ ጥቅም የለውም እያልኩ አይደለም። እዚያው ጓቴማላ፣ ሳን ማርኮስ በተባለው ደጋ፣ ከ500 በላይ ቤተሰቦች ተመርጠው ለእኩሌታው ባለ ጭስ ማውጫ ምድጃ ተሠርቶ ነበር። ውጤቱ በ2011 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጣ፤ የሕፃናቱ ለጭስ መጋለጥ በግማሽ ቀነሰ። የሳንባ ምች በጠቅላላው መቀነሱን በእርግጠኝነት መናገር አልተቻለም፤ ብርቱው የሳንባ ምች ግን በአንድ ሦስተኛ ያህል ቀንሷል። የሳንባ ምች የያዘው ሕፃን በክንዷ ይዛ ያደረች እናት አንድ ሦስተኛ እንዴት ያለ ቁጥር እንደሆነ ታውቃለች። ቢሆንም ቀደም ባሉት ዓመታት ምድጃ የተሠራላቸውን ቤቶች ስንዞር በየጥጉ ሦስቱ ድንጋዮች አሉ። አልተጣሉም። ምክንያቱን ዶኛዋ በጣታቸው ወደ ላይ እያሳዩ ነገሩኝ። ከጣሪያው የተንጠለጠለው የዘር በቆሎ ነቀዝ የማይገባው በጭሱ ነው። ምሽቱ ብርድ ነው፣ ብረቱ ውስጥ የተዘጋ እሳት ክፍሉን አያሞቅም። ለትልቅ ድስት ደግሞ መሬት ይሻላል። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም የሚለው ተረታችን ለሌላ ነገር የተተረተ ነው፤ ብተረጉምላቸው ግን ዶኛዋ ለራሳቸው የሚወስዱት ይመስለኛል። እኛስ ብንሆን ላቀች ስንል፣ ምርጥ ስንል ስንት ምድጃ አወጣን፤ የእናቴ ጉልቻ ግን እስክትሞት ከቦታው አልተነሣም።

ግንበኛው የቀን ሒሳቡ 150 ኬትሳል ነው፣ 20 ዶላር ቢሆን ነው። አንድ ማታ ሁሉ ሲተኛ ስልኬን አውጥቼ 1,450ን በ13 አባዛሁ፤ 18,850። በ20 አካፈልኩ፤ 942 ቀን። ያ ሰው እሑድን እያረፈ ሦስት ዓመት ሙሉ ምድጃ ይሠራ ነበር። እኛ በስድስት ቀን ቆይታችን የሠራነው ዘጠኝ ነው፤ ዘጠኙንም ያቃናው እሱ ነው። የባልደረባዬ ጥያቄ መልስ ይኸው፤ የሚሠራ ሰው አልጠፋም። ግን ደግሞ ሐቁን እናውራ ካልን፣ ልጆቹ ባይሄዱ ያንን ሳምቡሳ ማን ይገዛው ነበር? "ጓቴማላ ላለ ግንበኛ" ተብሎ ቅርጫት ቢዞር 800 ዶላር የሚሞላ አይመስለኝም። ሰዉ የሰጠው ለልጆቹ ነው። ይህን ቋጠሮ ፈትቼዋለሁ አልልም።

መንደሩ ግን ቤቱን ማን እንደሚሠራለት ያውቃል። በሳንቃ ቤቶቹ መሐል ባለ ሁለት ፎቅ፣ የመስታወት መስኮት ያለው፣ ላዩ ላይ ፌሮው ለሦስተኛ ፎቅ ቆሞ የቀረ ቤት ብቅ ይላል። የሐዋላ ቤት ነው። በ2023 በብዛት አሜሪካ ያሉ ጓቴማላውያን የላኩት ሐዋላ 20 ቢሊዮን ዶላር ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው፤ ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት አንድ አምስተኛውን ይጠጋል። ይህ በአንሶላ፣ በሣር ማጨጃ፣ በምግብ ቤት ሳህን የተገኘ ገንዘብ ነው። ቲሸርት አላሳተመም።

ሶዶ የልጅነቴ ሽማግሌዎች የማይሰለቻቸው አንድ ታሪክ ነበራቸው። ሚስዮናውያን ወላይታ የገቡት በ1928 ነው። ጣልያን አገሩን ሲይዝ በ1937 የመጨረሻዎቹ ተባረሩ፤ ሲወጡ ጥለዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች 48 ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ወደ 10,000 የሚጠጉ አገኙ ይባላል። ሽማግሌዎቹ ይህን የሚያወሩት ስለ ጌታ ሥራ ነው። እኔ ልጅ ሆኜ የሚገርመኝ ሌላ ነበር፤ የበዛነው እነሱ በሌሉበት ነው። የኋላ ኋላ በእኔ ዘመን ደግሞ በየበጋው እንግዶች ይመጡ ነበር። እንሰለፋለን፣ እንዘምራለን፣ እርሳስ ይሰጠናል፣ ፎቶ እንነሣለን። አንድ አሮጊት ፈረንጅ ቀይ ፊኛ አስይዛ ያነሣችኝ ፎቶ ዛሬም በአንድ አልበም ውስጥ መኖር አለበት። እናቴ ያለችንን ዶሮ አርዳ፣ ቆጮውን ጋግራ፣ ሌሊት ተነሥታ አስተናግዳ ስትሸኛቸው የምትመርቀው ምርቃት ነበራት፦ "ጌታ ይባርካቸው፤ ቶሎም አይመልሳቸው።"

ሐሙስ ዕለት ሥራ ቀርቶ ከተማዋን አስጎበኙን። ኮማላፓ የሠዓሊዎች አገር ናት፤ የብሔራዊ መዝሙራቸው ዜማ ደራሲ ራፋኤል አልቫሬዝ ኦቫዬም እዚህ ነው የተወለደው። በአንድ ረጅም ግንብ ላይ ወጣቶች የሣሉት ታሪካቸው አለ፤ ስፓኞቹ ሲመጡ፣ ምድሪቱ ስትናወጥ፣ ወታደሮቹ ሲመጡ። በየካቲት 4 ቀን 1976 ሌሊት የጭቃ ጡቡና የሸክላ ጣሪያው በተኛ ሰው ላይ ወረደ፤ በአገሪቱ 23,000 ያህል ሰው አለቀ። ዛሬ ጣሪያው ሁሉ ቆርቆሮ የሆነው ለዚህ ነው። ወደ መንደር ስንመለስ ከከተማ ወጣ ብሎ የቀድሞ የጦር ሠፈር አለ። ከ2003 ጀምሮ በእርስ በርስ ጦርነቱ ባሎቻቸውን ያጡ ሴቶች አስቆፍረውት ከ200 በላይ ሰው አጽም ወጥቷል፤ ማንነቱ ያልታወቀው በ2018 እዚያው በክብር አርፏል። ቦታው በፕሮግራማችን ላይ አልነበረም። መኪናው አልፎት ሄደ። ግንበኛው ከጎኔ ነበር፤ ባርኔጣውን አውልቆ እስክናልፍ ጉልበቱ ላይ ያዘው።

ያን ማታ ማንበቤ አልቀረም። ጦርነቱ ከ1960 እስከ 1996 ነው፤ የሞተውና የጠፋው 200,000 ይደርሳል፣ አብዛኛው ማያ። እንቅልፍ የነሣኝ ግን ሌላ ነው። ከመንቀጥቀጡ በኋላ ለርዳታ ከመጡት መካከል አንዱ ከካሊፎርኒያ የተነሣ የቤተ ክርስቲያን ቡድን ነበር፤ ቤት ሊሠራ መዶሻ ይዞ። ቡድኑ እዚያው ቤተ ክርስቲያን ተከለ። ኤፍራይን ሪዮስ ሞንት የተባለው ጄኔራል አባል ሆነ፤ በመጋቢት 1982 በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ያዘ፣ እሑድ እሑድ በቴሌቪዥን ይሰብክ ነበር። ደጋው ላይ መንደር በብዛት የተቃጠለው ያኔ ነው። በ2013 ፍርድ ቤት በዘር ማጥፋት ወንጀለኛ አለው፤ በቀናት ውስጥ ሌላ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረ፤ በ2018 ክርክሩ ሳያልቅ ሞተ። መዶሻ የያዙት ልጆች ይህን አስበው መጥተዋል አልልም። የእኛም ልጆች የመጡት በየዋህነት ነው።

አጽም ቆፍሮ ስም የመመለስ ሥራ ጓቴማላ ሲጀመር አርጀንቲናውያን ባለሙያዎች አግዘዋል። እነዚያው አርጀንቲናውያን በ1990ዎቹ መጀመሪያ የቀይ ሽብርን መቃብር ሊከፍቱ አዲስ አበባ መጥተው ነበር። ከአገር ወደ አገር የሚሄድ አገልግሎት እንዲህም አለ፤ ሲጠሩት የሚመጣ፣ ሌላው የማይችለውን የሚችል።

ዓርብ ዝናቡ ሳያባራ የባልደረባዬ እናት መጡ። ልሄድላቸው አስቤ ነበር፤ ፕሮግራሙ አልፈቀደም፤ በፒክአፕ ኋላ ቆመው፣ ላስቲክ ለብሰው እሳቸው መጡ። ዶኛዋ ከድንጋዬ ላይ አስነሡኝና እሳቸውን አስቀመጧቸው። ንግግራችን በሦስት ድልድይ ነው የሚሻገረው፤ እሳቸው በካቅቺኬል፣ ዶኛዋ በስፓንኛ፣ መሐንዲሱ ልጃችን ደግሞ ከትምህርት ቤት በያዘው ስፓንኛ ለእኔ። ከረጢቱን ፈቱት። ሹራቡን አላዩትም። መነጽሩን አደረጉና ፎቶውን ወደ ብርሃን አዙረው ያዙት። ብዙ ቆዩ። ፎቶውን በጉያቸው ካስገቡ በኋላ እጄን ያዙ፤ ገለበጡት፣ መዳፌን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ውኃና ሳሙና እድሜ ልኩን የላጠው እጅ ነው፣ ክረምት ከበጋ እንደ ተሰነጠቀ። አንድ ነገር አሉ። ዶኛዋ አመንትተው ተረጎሙ፤ ልጁም አመነታ።

"የልጄም እጅ እንዲህ ነው ወይ? ነው የሚሉት።"

"አዎ በላቸው" አልኩ። እንዲያው እንደ ነገሩ ብዋሽ ይሻል ነበር ይሆን?

ሊሄዱ ሲሉ ከትከሻቸው ላይ ቀይ ጥልፍ ያለው ጨርቅ አወረዱ፤ በእጅ የተሸመነ፣ ትኩስ ቂጣ የሚጠቀለልበት። አዲስ አይደለም፤ ጫፉ ተልጧል። የቤቱ ነው፣ ልጅቷ ታውቀዋለች አሉ።

በተመለስን በእሑዱ የምስክርነት ፕሮግራም ነበር። ስላይድ ታየ፤ ልጆቹ በየተራ ወጡ። "ከሰጠነው የተቀበልነው ይበልጣል" ያላለ የለም። እውነት ነው፤ ያን ያህል ዶሮ በልተን። መሐንዲሱ ልጅ ግን ስለ ክርን መለካት ተናግሮ ተቀመጠ፤ ከሁሉ አጭሩ እሱ ነበር። እኔ የ14ቱን ሸክም ነገር አነሣሁ። አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ "አሜን" አለ፤ የት ቦታ ላይ አሜን እንደተባለ አልገባኝም። የሚቀጥለው ዓመት የግንበኛው ደመወዝ ተልኮ ሦስት ሰው ብቻ ይሂድ የሚል ሐሳብ ለሽማግሌዎች ቀርቧል። ወጣቶቹ ተቃውመዋል።

ሻንጣዬን ስከፍት ልብሴ ሁሉ ጭስ ጭስ ይላል። ከጨርቁ ነው። እሑድ ማታ ከልብሶቼ ጋር ማሽን ውስጥ ከተትኩት፤ በሩንም ዘግቼ ነበር። የከለከለኝ ሙያዬ ነው፤ እንዲህ ያለ ቀይ በሙቅ ውኃ ይለቃል፣ ነጩን ሁሉ ያበላሻል። አወጣሁትና አጣጥፌ በላስቲክ ከረጢት ያዝኩላት።

ሰኞ ጧት ሰጠኋት። በሁለት እጇ ተቀበለችና ሳትዘረጋው ፊቷን ቀበረችበት። ማሽኖቹ ይሽከረከራሉ፤ የሳሙናና የበረኪናው ሽታ እንደ ሁልጊዜው ጉሮሮ ይይዛል። እሷ ቀና አላለችም። ያልታጠበበትን ምክንያት ላስረዳ ብዬ "ቀለሙ እንዳይለቅ ፈርቼ ነው፤ ለብቻው፣ በቀዝቃዛ ውኃ፣ በትንሽ ሳሙና..." ስል ራሷን ነቀነቀች።

"አይታጠብም" አለች።

ጨርቁን ወደ ከረጢቱ መለሰችው። አየሩን በመዳፏ ተጭና አስወጣች፤ አፉን አንዴ ቋጠረች፣ በላዩ ላይ ደግማ ቋጠረች። ከዚያ የአንሶላዋን ጫፍ አነሣች።